ሽንኩርቱ ነው የገደለው ወይስ ሌላ? ኩዌርሴቲንን በአንጀት ካንሰር ሴሎች ላይ ለምትሞክሩ

ማስተርሴን ስሠራ የመጀመሪያ ሙከራዬ በኩዌርሴቲን ነበር። ቀይ ሽንኩርት ውስጥ በብዛት የሚገኝ ፍላቮኖይድ የሚባል የተክል ውህድ ነው፤ በተለይ ልጠን በምንጥለው የውጨኛው ሽፋን ላይ። ጥቃቅን ጉድጓዶች ባሉት የላብራቶሪ ሳህን (ፕሌት) ውስጥ ባሳደግኳቸው የትልቁ አንጀት ካንሰር ሴሎች ላይ ጨመርኩት። ውጤቱ ግራ አጋባኝ፤ መጠኑን በጨመርኩ ቁጥር ሴሎቹ ይበልጥ «ጤነኛ» ሆኑ። አማካሪዬ አይተው ሳቁ። «ሴል የሌለበት ጉድጓድ የታለ?» አሉኝ። አልነበረም።

እናንተ እንዳትሸወዱ አሠራሩን ልንገራችሁ።

እኔ የተጠቀምኩት ኤችቲ 29 የሚባለውን ሴል ነው። በ1964 ከአንዲት የ44 ዓመት ሴት የአንጀት ዕጢ የተወሰደ ነው፤ እስከ ዛሬ ይራባል። ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ በየጉድጓዱ 5,000 ገደማ ሴል አስቀምጡ። ዳር ዳሩን ተዉት፣ ቶሎ ይተናል፤ ውሃ ሙሉበት። 37 ዲግሪና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለው ኢንኩቤተር ውስጥ ይደሩ። እስኪጣበቁ መታገስ ነው።

ኩዌርሴቲን ውሃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል። 15 ሚሊግራም መዝናችሁ ዲኤምኤስኦ በሚባል ማሟሚያ በ1 ሚሊሊትር አሟሙት፤ 50 ሚሊሞላር ገደማ ይሆናል። ከዚያ በሚድየም (ሴሎቹ በሚያድጉበት ፈሳሽ) 500 እጥፍ ስታቀጥኑት 100 ማይክሮሞላር ታገኛላችሁ፤ ዲኤምኤስኦው ደግሞ 0.2 በመቶ ብቻ ይሆናል። ይህ 0.2 በሁሉም ጉድጓድ እኩል ይሁን፣ ኩዌርሴቲን በሌለበትም ጭምር። ዲኤምኤስኦ ሲበዛ ራሱ ሴል ይገድላል፤ ምስጋናውን ግን ተክሉ ይወስዳል። ለማነጻጸሪያ ፍሎሮዩራሲል ጨምሩ፤ የአንጀት ካንሰር ሕክምና ላይ የቆየ መድኃኒት ነው።

ከ48 ሰዓት በኋላ ወደ ኤምቲቲ እንሄዳለን። ኤምቲቲ ቢጫ ቀለም ነው፤ ሕያው ሴል ወደ ሐምራዊ ይቀይረዋል። ሐምራዊው በበዛ ቁጥር ሕያው ሴል በዛ እንላለን። ችግሩ ኩዌርሴቲንም ይቀይረዋል። ሴል አያስፈልገውም! የኔ «ጤነኛ» ሴሎች ምስጢር ይኸው ነበር።

ስለዚህ ኤምቲቲ ከመጨመራችሁ በፊት አሮጌውን ሚድየም ምጠጡና ፒቢኤስ በሚባለው የጨው ማጠቢያ ሁለቴ እጠቡ። ፕሌቱን ትንሽ ዘንበል አድርጉ፤ የፒፔቱ ጫፍ ግድግዳውን እንጂ ወለሉን አይንካ። እኔ አንዴ ቸኩዬ ግማሽ ረድፍ ሴል ጠርጌ አውጥቻለሁ። ከዚያ ኤምቲቲ ያለው አዲስ ሚድየም ጨምራችሁ 3 ሰዓት ያህል ጠብቁ፤ ሚድየሙን አውጥታችሁ ሐምራዊውን በዲኤምኤስኦ አሟሙና በ570 ናኖሜትር አንብቡ። ኩዌርሴቲን ኖሮት ሴል የሌለው ጉድጓድ ሐምራዊ ከሆነ ቁጥራችሁን አትመኑ።

ከማጠባችሁ በፊት በማይክሮስኮፕ ማየት አትርሱ። የሚሞት ሴል ይድቦለቦልና ይንሳፈፋል። ዓይናችሁና ማሽኑ ካልተስማሙ በትራይፓን ብሉ ቁጠሩ፤ ሰማያዊውን ያስገባው የሞተው ነው።

ሌላም ሰበብ አለ። ኩዌርሴቲን ሚድየም ውስጥ እያለ ኦክሲጅን ያገኘውና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል። ጥቂት ጉድጓዶች ላይ ፐርኦክሳይድን የሚሰብረውን ኢንዛይም፣ ካታሌዝን ጨምሩ፤ ሴሎቹ ከዳኑ ገዳዩ ፐርኦክሳይዱ ነበር። ጤነኛ የአንጀት ሴልም ጎን ለጎን ሞክሩ። ዝም ብሎ መግደል ከሆነማ በረኪናም ይገድላል።

ሁሉንም አስተካክዬ ስደግመው ሴሎቹ በከፍተኛው መጠን በእርግጥ ቀነሱ። ደስ ብሎኝ ለእናቴ ደወልኩላት። «ታዲያ ሽንኩርት ላብዛ?» አለችኝ።

ፕሌት ላይ 100 ማይክሮሞላር መጨመር ቀላል ነው። ሽንኩርት በልተን ደማችን ውስጥ የሚገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ 1 ማይክሮሞላር እንኳ አይሞላም፤ እሱም አንጀትና ጉበት መልኩን ቀይረውት ነው። ወደ ደም ያልገባው ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ እዚያ ባክቴሪያዎች ይሰባብሩታል። አንጀት ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ተስፋ ያልቆረጡት በዚህ ነው። ለእናቴ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። «ወጡን እንደወትሮው ሥሪ፣ የአንጀት ምርመራሽን ግን አታሳልፊ» አልኳት።

ተመረመረች። የሽንኩርት ልጣጭ ማጠራቀሙን ግን አልተወችም።