ድርጅታችሁን ከጉግል የሚደብቁ ስህተቶች

ከሁሉ የሚያናድደው የዋጋ ዝርዝርን በምስል መለጠፍ ነው። ለቴሌግራም የተሠራው ፖስተር እንዳለ ተነሥቶ ድረ ገጹ ላይ ይወጣና አለቀ ይባላል። የጽዳት ድርጅት ከሆነ የሶፋው፣ የምንጣፉ፣ የፍራሹ ዋጋ፣ ሰፈሩም ስልኩም እዚያው ምስል ውስጥ ነው። ጉግል ግን በዋናነት የሚያነበው በጽሑፍ የገባውን ስለሆነ ያ ገጽ ለእሱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። «የሶፋ እጥበት ዋጋ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ቃሉ ገጻችሁ ላይ ከሌለ በምን ያግኛችሁ? ፖስተሩ ይቀመጥ፤ ከሥሩ ግን ዝርዝሩን በሠንጠረዥ ጻፉት። ሰፈሩን ሰው በሚጠራበት ስም፣ «ገርጂ መብራት ኃይል» ብላችሁ አስገቡ። ስልኩን ሲነኩት የሚደውል ሊንክ አድርጉት። የምስሉ አልት ጽሑፍም (ምስሉን ለጉግልና ማየት ለማይችል ሰው በቃል የሚገልጸው ጽሑፍ) «ፎቶ 1» ሳይሆን ምስሉ ላይ ያለውን ይናገር።

ከቆየ የወርድ ፋይል ገልብጦ መለጠፍም ያው ነው። ፎንቱ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል በሁሉም መሣሪያ ላይ አንድ ዓይነት ኮድ የሚሰጠው ደረጃ) ካልሆነ ስክሪን ላይ አማርኛ ይምሰል እንጂ ከሥሩ ያሉት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ናቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር ገልብጣችሁ ስልካችሁ ማስታወሻ ላይ ለጥፉት፤ ዝብርቅርቁ ከወጣ አስተማማኙ መንገድ ሁሉንም በዩኒኮድ እንደገና መተየብ ነው።

የገጹ ታይትል፣ ማለትም ጉግል ውጤት ላይ እንደ ርዕስ የሚወጣው ስም፣ ብዙ ጊዜ «መነሻ» ሆኖ ይቀራል። «መነሻ» ብሎ ጽዳት የሚፈልግ ሰው የለም! ሥራውና ከተማው ይቅደም፣ የድርጅቱ ስም ይከተል፦ «የሶፋና ምንጣፍ ጽዳት በአዲስ አበባ - የድርጅታችሁ ስም»። ጉግል ረጅም ታይትል የሚቆርጠው በስፋቱ ነው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ሰፊ ስለሆነ 40 ፊደል አካባቢ ላይ አቁሙ።

ጽዳትን አንዱ በ«ጸ» ሌላው በ«ፀ» ይጽፈዋል። ርዕሱ ላይ አንዱን ያዙ፣ ሌላውን ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ አስገቡ። ሃያ ጊዜ መደርደር ግን ስፓም (ጉግልን ለማታለል የሚደረግ ሙከራ) ነው።

አምስት አገልግሎት አንድ ገጽ ላይ አታጭቁ፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ገጽ፣ የራሱ ታይትል። አማርኛና እንግሊዝኛም እንደዚሁ የየራሳቸው የገጽ አድራሻ (ሊንክ) ይኑራቸው።

ሜታ ኪዎርድ (ገጹ ኮድ ውስጥ ተደብቆ የሚጻፍ የቁልፍ ቃላት ዝርዝር)? ጉግል እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 ተናግሯል። ተዉት።

ከስልክ የወጣ 4 ሜጋባይት ፎቶ ወርዱን ወደ 1200 ፒክሰል አውርዱና በዌብፒ (WebP፣ ፋይሉን የሚያሳንስ የምስል ዓይነት) አስቀምጡት፤ ብዙውን ጊዜ ከ200 ኪሎባይት በታች ይሆናል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ገጹ ጭራሽ ካልታየ፣ ድረ ገጹ የተሠራው በዎርድፕረስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) ከሆነ፣ ሴቲንግስ ውስጥ ሪዲንግ የሚለውን ክፈቱ። የፍለጋ ሞተሮች እንዳይመዘግቡት የምትጠይቀው ሳጥን ሥራው ሲጀመር ምልክት ተደርጎባት ተረስታ ይሆናል። ምልክቱን አንሡት፤ ከዚያ ሰርች ኮንሶል (የጉግል ነፃ የድረ ገጽ ባለቤቶች መሣሪያ) ላይ የገጹን አድራሻ አስገብታችሁ እንዲመዘገብ ጠይቁ። ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ በየሰዓቱ መጠየቅ አያፈጥነውም።