የመርከበኛ ልዑልን ሕይወት በአማርኛ ለመጻፍ፦ ልዑል አልፍሬድ እንደ ማሳያ

የባሕር ኃይል መኮንን የነበረ ልዑል ታሪክ በአማርኛ ሲጻፍ ስሕተት የሚበዛው ስሙ፣ ቀኑና ማዕረጉ ላይ ነው። ለልምምድ የሚመቹት የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ ልዑል አልፍሬድ (1844–1900) ናቸው፤ ወጥመዶቹ ሁሉ ማለት ይቻላል በእርሳቸው ሕይወት ውስጥ ይገኛሉ። እዚህ ላይ «ዓ.ም.» ያልተባለ ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ የትውልድ ተራቸውን ለዩ። «ሁለተኛ ወንድ ልጅ» እንጂ «ሁለተኛ ልጅ» አትበሉ። ከእርሳቸው በፊት ቪክቶሪያ (1840)፣ አልበርት ኤድዋርድ (1841) እና አሊስ (1843) ስለተወለዱ አራተኛ ናቸው። ዙፋን ለመውረስ ግን ከታላቅ ወንድማቸው ቀጥለው ሁለተኛ ነበሩ፤ ይህም ወንድምየው በጃንዋሪ 1864 ወንድ ልጅ እስኪወልዱ ድረስ ቆየ። ይህን ከመግቢያው መጻፍ ይገባል፤ ታላቁ ለዙፋን ሲዘጋጅ ታናሹ ባሕር ኃይል የሚላክበትን ልማድ አንባቢ የሚረዳው ከዚህ ነው። በቀጣዩ ትውልድም የዚሁ ታላቅ ወንድም ልጅ ልዑል ጆርጅ በ1877፣ በ12 ዓመታቸው፣ በዚያው መንገድ ተላኩ። የጆርጅ ታላቅ ወንድም በጃንዋሪ 1892 ሲሞቱ ተራው ወደ እርሳቸው ዞረና የባሕሩ ሥራ ቀረ፤ ኋላ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የተባሉት እርሳቸው ናቸው።

አንቱታውን ከልደት እስከ ሞት አትልቀቁ። «ተወለደ» ብሎ ጀምሮ አድሚራል ሲሆን «አዘዙ» ማለት ጽሑፉን በሁለት ሰው እጅ የተጻፈ ያስመስለዋል።

ስም ላይ «የኤድንብራ መስፍን» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ የዛሬ አንባቢ የንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ ባለቤት ልዑል ፊሊፕ ይመስሉታል፤ እርሳቸውም የባሕር ኃይል ሰው ስለነበሩ መደናገሩ ይብሳል። አልፍሬድ ይህን ማዕረግ ያገኙት ሜይ 24 ቀን 1866 ነው። ስለዚህ «የኤድንብራ መስፍን በ14 ዓመታቸው ባሕር ኃይል ገቡ» ስሕተት ነው፤ ያኔ ልዑል አልፍሬድ ብቻ ነበሩ። ከኦገስት 22 ቀን 1893 ወዲህ ደግሞ አጎታቸውን ወርሰው በጀርመን የሳክስ-ኮበርግና ጎታ ገዢ መስፍን ሆነዋል።

ቀን ላይ ረጋ ብላችሁ ሥሩ። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል ብሎ መነሣት ለ19ኛው ክፍለ ዘመን አይሆንም። ያኔ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 10 ነበር፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ነው 11 የሚሆነው። ልዑሉ የተወለዱት ኦገስት 6 ቀን 1844 ነው። በለመድነው አቆጣጠር ሐምሌ 30 ቀን 1836 ዓ.ም. ይወጣል፤ ትክክለኛው ግን ነሐሴ 1 ነው። አንዷ ቀን ወሩን ቀየረች፣ ፍልሰታንም አስገባች!

ስሌታችሁን ለመፈተን ሁላችንም የምናውቀውን ቀን ተጠቀሙ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሞቱት ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.። የእናንተ ስሌት ሚያዝያ 5 ካለ የተጠቀማችሁት የ20ኛው ክፍለ ዘመን መነሻ ነው ማለት ነው። በነገራችን ላይ ልዑሉ ሲድኒ አጠገብ ክሎንታርፍ በሚባል ቦታ ሽርሽር ላይ ሳሉ ጀርባቸውን በጥይት የተመቱት ከዚያ 32 ቀን ቀደም ብሎ፣ ማርች 12 ነው፤ መጋቢት 4።

ጋብቻቸው ሌላ ወጥመድ አለው። ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ የሩሲያውን ንጉሠ ነገሥት ልጅ ማሪያን ያገቡት ጃንዋሪ 23 ቀን 1874 ሲሆን፣ የሩሲያ ሰነድ ግን ጃንዋሪ 11 ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሩሲያ ያኔ በዩልዮስ አቆጣጠር ትጠቀም ነበር። በእኛ ጥር 16 ቀን 1866 ዓ.ም. ነው። «ጥር 23 ቀን 1874» ብሎ የእኛን ወር ከእነርሱ ቀንና ዓመት ጋር ማጋባት በየጽሑፉ የሚታይ ጥፋት ነው፤ የአውሮፓውን ቀን የምትተዉት ከሆነ ወሩንም «ጃንዋሪ» በሉት።

ማዕረግን ወደ ምድር ጦር አትመልሱ። የባሕር ኃይል ሌተናንት ከምድር ጦር ሻምበል ጋር እንጂ ከመቶ አለቃ ጋር አይተካከልም፤ የባሕር ኃይሉ ካፒቴን ደግሞ ከኮሎኔል ጋር ነው። «ሻምበል አልፍሬድ» ያለ ተርጓሚ መርከብ የሚያዝን ሰው ሁለት ሦስት ደረጃ አወረደ። «ኮማንደር» ስትሉም «የባሕር ኃይል» የሚለውን ጨምሩበት፤ አለዚያ አንባቢያችን የፖሊስ አዛዥ ነው የሚመስለው። ሪር አድሚራል ማብራሪያ አያሻውም፤ የዐፄ ኃይለ ሥላሴን የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታን የሚያስታውስ ያውቀዋል።

የአልፍሬድ እድገት እንዲህ ነው፦ በ1858 ካዴት፣ በ1863 ሌተናንት፣ በ1866 ካፒቴን፣ በ1878 ሪር አድሚራል፣ በ1882 ቫይስ አድሚራል፣ በ1887 አድሚራል፣ በ1893 አድሚራል ኦፍ ዘ ፍሊት (የባሕር ኃይሉ ከፍተኛ ማዕረግ)። ኮማንደር የለም፤ ዘለሉት። በ21 ዓመት ካፒቴን መሆን የልዑልነት ፍሬ ነውና ሳትሸፋፍኑ ጻፉት። ሥራው የይስሙላ ነበር ወይ ለሚለው መልስ ለማግኘት ደግሞ ያዘዙበትን ዘመን ቁጠሩ፦ ጋላቴያ የምትባለው ፍሪጌት (የጦር መርከብ) ከ1867 እስከ 1871፣ የቻነል ጦር መርከቦች 1883–84፣ የሜዲትራኒያን ጦር መርከቦች 1886–89፣ ከዚያ በእንግሊዝ የፕሊመዝ ወደብ እስከ 1893። ለስም ብቻ የተሾመ ሰው ይህን ያህል ዘመን በትእዛዝ ላይ አይቆይም።

መርከቧን «ገላትያ» አትበሏት። ገላትያ የጳውሎስ መልእክት የተጻፈላት አገር ናት፤ መርከቧ የተሰየመችው በግሪክ ተረት ባለችው የባሕር ልጃገረድ ነው።

ምንጭ ስትፈልጉ የመርከብ መዝገቦች ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በኤዲኤም 53 (ADM 53) የሰነድ ምድብ፣ የመኮንኖች የአገልግሎት መዝገብ በኤዲኤም 196 (ADM 196) ሥር አሉ። መዝገቡን ስታነቡ ሰዓቱን በ6 አስተካክሉ። ከምሽቱ 8 እስከ እኩለ ሌሊት የተጻፈው ፈረቃ ለእኛ ከምሽቱ 2 እስከ ሌሊቱ 6 ነው፤ ቀጣዩ ከሌሊቱ 6 እስከ 10። አራት አራት ሰዓት የሆነው ፈረቃ ከቀኑ 10 ሲሆን በሁለት ይከፈላል፤ ከ10 እስከ 12፣ ከ12 እስከ ምሽቱ 2። እዚህ ላይ ሰዓት ጎደለ ብላችሁ አታርሙ። የቀኑ ፈረቃ ቁጥር ጎዶሎ ሆኖ አንድ ቡድን በየሌሊቱ ያንኑ ሰዓት እንዳይጠብቅ ታስቦ የተደረገ ነው።

ለሲድኒው ጥይት የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት ያስቀመጣቸው የዘመኑ ጋዜጦች አሉ። የለንደን ጋዜጣ ቀን ግን የድርጊቱ ቀን አይደለም፤ አውስትራሊያ ከአውሮፓ ጋር በቴሌግራፍ የተገናኘችው በ1872 ስለሆነ ወሬው በመርከብ ነበር የሄደው። ተኳሹ ሄንሪ ጄምስ ኦፋረል ኤፕሪል 21 ተሰቀለ፤ ለልዑሉ መዳን ከሕዝብ በተዋጣ ገንዘብ የተሠራው ሆስፒታል ዛሬም በስማቸው ይጠራል።

ሞታቸው ላይ ስትደርሱ የቀኑን መነሻ መልሳችሁ ቀይሩ። ልዑሉ ኮበርግ አጠገብ ሮዘናው በሚባል ቤተ መንግሥት ያረፉት ጁላይ 30 ቀን 1900 ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 29 አልነበረም፤ እኛ ግን ጳጉሜን 6ን በ1891 ዓ.ም. እንደወትሮው ቆጥረናል። ስለዚህ ልደታቸውን ያሰላችሁበት መነሻ እዚህ ሐምሌ 24 ብሎ ይስታል፤ ያረፉት ሐምሌ 23 ቀን 1892 ዓ.ም. ነው።