አዲስ አሰራር፣ የእጅ ሥራና የቤት ዘዴ እንዴት እንሞክር?

ጓደኛ የኬክ አሰራር ትልካለች። ጎረቤት እድፍ የሚያስለቅቅ ዘዴ ይነግረናል። ልጆች ደግሞ የሆነ ቪዲዮ አይተው «እኛም እንሥራው» ብለው ይይዙናል። ሲወራ ሁሉም ቀላል ነው። ቤት ገብተን ስንሞክረው ግን አንዱ ያምራል፣ አንዱ ዕቃ ያበላሻል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሰው ይጎዳል። የትኛው የትኛው እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ገና ሳይጀመር ማወቅ ይቻላል።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይሄ ነገር ለምን ይሠራል? መልሱ ከጠፋባችሁ ቆም በሉ። ኮምጣጤን እንውሰድ። ኮምጣጤ አሲድ ነው። ውሃ ማፍያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ደግሞ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አሲድ ሲነካው ይሟሟል። ስለዚህ ግማሽ ውሃ ግማሽ ኮምጣጤ አድርጋችሁ ብታፈሉትና ግማሽ ሰዓት ብትተዉት የተጋገረው ይለቃል። ከዚያ አለቅልቁት፣ አንድ ሁለት ጊዜ ንጹህ ውሃ አፍልታችሁ ድፉ፣ ሽታውም ይሄዳል። ያው ምክንያት ታዲያ ኮምጣጤ የት መድረስ እንደሌለበትም ይነግራችኋል። እብነ በረድም ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ማፍያውን ያጸዳ ኮምጣጤ የእብነ በረድ ጠረጴዛ ላይ ሲፈስ አንጸባራቂውን ገጽ ይበላዋል፣ በጨርቅ ቢወለወል ደግሞ አይመለስም። ሎሚም እንደዚያው ነው።

አሁን ሁሉም የሚወደውን እንየው፦ ቤኪንግ ሶዳና ኮምጣጤ አንድ ላይ። አረፋው ያምራል፣ የሚያጸዳም ይመስላል። ሶዳው ቤዝ ነው፣ ኮምጣጤው አሲድ፤ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋዋል። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ የሚተርፋችሁም ትንሽ ጨው የሟሟበት ውሃ። ቀላቅሎ ጠርሙስ ውስጥ ማስቀመጥማ ጭራሽ አይገባም፤ ክዳኑ ከጠበቀ ጋዙ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል። ለየብቻ ግን ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ሶዳውን በትንሽ ውሃ ለውሳችሁ ያረረ ድስት እሹበት፤ አሉሚኒየም ከሆነ ግን አታቆዩበት፣ ያጠቁረዋል። ለልጆች አረፋው ራሱ ጨዋታ ነው፣ ሰፋ ያለ ክፍት ሳህን ላይ አድርጋችሁ አሳዩአቸው።

እዚህ ጋ ድምፄን ከፍ ላድርግ። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ጋዝ። ሁለቱም ሳንባ ይጎዳሉ፣ መታጠቢያ ቤት ደግሞ ጠባብ ነው። «ሁለቱ ቢደመሩ የበለጠ ያጸዳሉ» የሚለውን ምክር ማንም ይንገራችሁ ማን አትሞክሩት። በስህተት ተቀላቅሎ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ሽታ ከመጣ ቶሎ ላጽዳው ብላችሁ አትታገሉ። ውጡ፣ ሌላውንም ሰው አስወጡ፣ ንጹህ አየር ውሰዱ፤ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ሐኪም ቤት ሂዱ። ሌላው ደግሞ ጠርሙሱ ነው። ቤት ያዘጋጃችሁትን ማጽጃ በለስላሳ ወይም በውሃ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ልጅ የሚያውቀው ጠርሙሱን ነው። ስምና ቀን ጻፉበት፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አኑሩት።

በትንሹ፣ በማይታይ ቦታ

ምክንያቱ ካሳመናችሁ ወደ ሙከራ ግቡ። ሙከራ ማለት ግን ሙሉውን ሶፋ መቀባት አይደለም። ልብስ ከሆነ የውስጥ ስፌቱ ላይ፣ ሶፋ ከሆነ ከኋላ፣ ምንጣፍ ከሆነ ዕቃ የሚያርፍበት ጥግ ላይ ጠብ አድርጉና በነጭ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጋችሁ እዩ። ነጩ ጨርቅ ቀለም ከያዘ ዘዴው ለዚያ ዕቃ አይሆንም፣ በቃ። ካልያዘም እስኪደርቅ ጠብቁ፤ እርጥብ ሆኖ ያማረ ነገር ሲደርቅ ክብ ምልክት ይዞ ሊወጣ ይችላል።

እድፉ ምን እንደሆነ ማወቅ ደግሞ የሥራው ግማሽ ነው። ደም፣ እንቁላልና ወተት ፕሮቲን አለባቸው፤ ሙቅ ውሃ ሲያገኛቸው እንደተቀቀለ እንቁላል ይረጉና ጨርቁን ሙጭጭ አድርገው ይይዙታል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ቶሎ። ዘይትና ቅባት ተቃራኒ ናቸው። ውሃ ብቻውን አይነካቸውም። ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርጋችሁ አሹት፣ ትንሽ ተዉት፣ ከዚያ ጨርቁ በሚችለው መጠን ሞቅ ባለ ውሃ እጠቡት። የትኛውም ይሁን እድፉ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ አትተኩሱት፣ ማድረቂያ ማሽን ውስጥም አታስገቡት፤ ሙቀት ካገኘው በኋላ ማስለቀቅ በጣም ይከብዳል።

ቆዳ ላይ የሚቀባ ነገርም በትንሹ ይሞከራል፤ ክንድ ውስጠኛው በኩል ትንሽ ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ነው። ሎሚ ፊት ላይ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ግን ለሙከራም አይሆንም፤ ሎሚ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ያቃጥላል፣ ጠባሳ የመሰለ ጥቁረትም ይተዋል። እሳት ወይም የፈላ ውሃ ያቃጠለው ቆዳ ላይም የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ ወይም ዘይት አይቀባም። ቀዝቀዝ ያለ የቧንቧ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል አፍስሱበት። በረዶ አታድርጉበት።

ምግብ

አዲስ አሰራርን የመጀመሪያ ጊዜ እንደተጻፈው ሥሩት። ስኳሩ ይነስ፣ ቅቤው በዘይት ይተካ፣ እንቁላል አንድ ይጨመር የሚባለው ከሁለተኛው ጊዜ ጀምሮ ነው፤ አለበለዚያ ሳይሆን ሲቀር ጥፋቱ የአሰራሩ ይሁን እናንተ የለወጣችሁት ነገር አይታወቅም። በሁለተኛውም አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ አውቃለሁ። ግን የሰው አሰራር የራሳችሁ የሚሆነው እንደዚህ ነው። ከቻላችሁ ግማሽ መጠን ሥሩ፤ እንግዳ የሚመጣበት ቀን ደግሞ የሙከራ ቀን አይደለም።

ልኬት ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ኩባያ ሲባል እጃችን የገባው ኩባያ ሁሉ ማለት አይደለም። በብዙ የምግብ አሰራሮች 1 ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ የሾርባ ማንኪያ 15፣ የሻይ ማንኪያ 5። ዱቄት ደግሞ አለካኩ ይለውጠዋል። በማንኪያ ቀስ ብሎ ኩባያው ውስጥ ተጨምሮ ላዩ ከተስተካከለ 120 ግራም አካባቢ ነው። ኩባያውን ዱቄቱ ውስጥ ነክረን ጠቅጥቀን ካወጣነው ግን 150 ግራምም ሊሆን ይችላል። 3 ኩባያ የሚፈልግ ዳቦ ላይ ይሄ 90 ግራም ትርፍ ዱቄት ማለት ነው፣ «እንደተጻፈው ሠርቼ ደረቀብኝ» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ይገላገላል። እኔ ለጀማሪ አንድ ዕቃ ግዛ ብባል ሚዛን ነው የምለው።

የመጋገሪያው ስፋትም ቀላል ነገር አይደለም። 20 ሳንቲ ሜትር ክብ የሚለውን አሰራር 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ብታፈሱት ስፋቱ ከግማሽ በላይ ስለሚጨምር ኬኩ ይሳሳል፣ ቶሎም ይደርቃል። ወይ መጠኑን አንድ ተኩል እጥፍ አድርጉ፣ ወይ ከተባለው ሰዓት ቀደም ብላችሁ ማየት ጀምሩ። ሙቀቱ በፋራናይት ተጽፎ እንደሆነም ልብ በሉ፤ 350 ፋራናይት ወደ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው።

ዱቄትና እንቁላል ከማባከናችሁ በፊት የሚያነፋውን ነገር ፈትሹ። ደረቅ እርሾ ከሆነ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከትንሽ ስኳር ጋር ጨምሩት፣ በ10 ደቂቃ አካባቢ አረፋ ካልሠራ ሞቷል። ውሃው እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ደግሞ እናንተው ትገድሉታላችሁ፤ 40 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል። ቤኪንግ ፓውደር ሙቅ ውሃ ላይ፣ ቤኪንግ ሶዳ ኮምጣጤ ላይ ወዲያው መፍላት አለባቸው። ዝም ካሉ ጣሉት።

ምግብ ላይ ሦስት ነገሮች አይሞከሩም። ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም፣ በምግብ ውስጥ ተቀላቅሎም ቢሆን፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ነክሮ መደርደሪያ ላይ ማቆየትም በዚሁ ባክቴሪያ ምክንያት አደገኛ ነው፤ ዘይቱ አየር ስለሚከለክል ባክቴሪያው ይመቸዋል፣ ሽታውና ጣዕሙም ላያስታውቅ ይችላል። ትንሽ ሥሩ፣ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፣ ከ4 ቀን በላይ አታቆዩ። ሦስተኛው ጥሬ ሊጥ መቅመስ ነው፤ እንቁላሉ ብቻ ሳይሆን ጥሬ ዱቄቱም ጀርም ሊኖርበት ይችላል። ልጆች ያቡኩ፣ ይቅረጹ፣ ግን አይላሱ።

ዘይት ድንገት እሳት ከያዘ ውሃ አትድፉበት። ምድጃውን አጥፉ፣ በክዳን አፍኑት፣ እስኪቀዘቅዝም አትክፈቱት። ጥብስ ስትሞክሩ ክዳኑ አጠገባችሁ ይሁን።

የእጅ ሥራ ከልጆች ጋር

ለመጀመሪያ ጊዜ የመጫወቻ ሊጥን የሚያክል የለም። 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ 1 ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቀላቅሉ። ሞቅ ያለ ውሃ ጨምሩበት፣ ወደ 1 ኩባያ ይፈልጋል፣ ግን አንዴ አትገልብጡት፤ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው እሹት። ከተጣበቀ ዱቄት፣ ከተሰነጣጠቀ ጠብታ ውሃ። የምግብ ቀለም ካለ ሊጡን ከፋፍላችሁ አቅልሙት። ጨውና ዘይቱ ዝም ብሎ የገባ አይደለም፦ ጨው ሻጋታ ያዘገያል፣ ዘይት ሊጡን ያለሰልሳል። አየር በማያስገባ ዕቃ ከዘጋችሁት ይቆያል፤ ከሸተተ ወይም ነጠብጣብ ካበቀለ ጣሉት። ይህን ያህል ጨው ያለበት ነገር ለውሻና ለድመት መርዝ ስለሆነ መሬት ላይ አትተዉት።

ደርቆ የሚቀር ጌጥ ከፈለጋችሁ ዘይቱን ተዉት። 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ 1 ኩባያ ውሃ። ከ1 ሳንቲ ሜትር ቀጠን አድርጋችሁ ዳምጡ፣ ቅረጹ፣ ማንጠልጠያ ቀዳዳውን አሁን ብሱት፣ ከዚያ ኦቨኑን 120 ዲግሪ አድርጋችሁ 2 ወይም 3 ሰዓት አድርቁት። መቸኮል ያበላሸዋል፤ ሙቀቱ ሲበዛ ላዩ ይነፋል፣ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ደግሞ እርጥብ ይቀራል።

በጋዜጣና በዱቄት ሙጫ የሚሠራውም ጥሩ ነው። ዱቄትና ውሃ እኩል መጠን በጥብጡ፣ ትንሽ ጨው ጣል አድርጉ። ወረቀቱን በመቀስ ሳይሆን በእጅ ቅደዱት፤ የተቀደደ ጠርዝ እርስ በርሱ ተዋህዶ ይለጠፋል፣ የተቆረጠው ግን መስመሩ ያስታውቃል። በተነፋ ፊኛ ላይ አንድ ንብርብር ለጥፉና ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ሁለተኛውን አስከትሉ፤ እርጥብ በእርጥብ ላይ ከተደራረበ ይሻግታል። ፊኛው ሲፈነዳ ቁርጥራጮቹን ወዲያው ሰብስቡ፣ ሕፃን ሊያንቁ ይችላሉ።

ልጅ የሠራውን ግን አታስተካክሉበት። ዝሆኑ አምስት እግር ቢኖረው አምስት እግር ይኑረው። እጃችሁን ሰንዝራችሁ ካስተካከላችሁ በሚቀጥለው «አንቺ ሥሪልኝ»፣ «አንተ ሥራልኝ» ነው የሚመጣው።

አንድ ደብተር ወጥ ቤት አስቀምጡ። የሞከራችሁትን በዚያው ቀን ጻፉ፦ ምን ያህል ጨመርን፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ምን ለወጥን፣ ማን ምን አለ። ቤተሰቡን «ጣፈጠ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም «አዎ» ብሎ ይነሳል። «ምን ይቀነስ? ምን ይጨመር?» በሏቸው፣ ያኔ ቁም ነገር ታገኛላችሁ። ያልተሳካውን ገጽም አትቅደዱት። ለምን እንዳልተሳካ በአንድ መስመር ጻፉበትና እዚያው ይቆይ፤ ከዓመት በኋላ ያው ዘዴ በሌላ ሰው አፍ ዞሮ ሲመጣ ደብተሩን ገልጣችሁ ታዩታላችሁ።