የሥራ ሰዓት ስሕተት የጉልበት አቅርቦት ግምትን እንዳያዛባ እንዴት እንደሚፈተሽ

ክፍያ ሲጨምር ሰው ሥራ ያበዛል ወይስ ይቀንሳል? የጉልበት አቅርቦት ግምት የሚባለው ይህን በቁጥር ለመመለስ የሚደረግ ሙከራ ነው። የግብርም ሆነ የድጎማ ውሳኔዎች በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ስለሚመሠረቱ፣ ከግምቱ በስተጀርባ ያለውን ስሌት መመርመር ግድ ነው።

በመጀመሪያ የሰዓት ክፍያው ከየት እንደመጣ ይመልከቱ። በብዙ መጠይቆች ሰው የሚናገረው የሠራውን ሰዓትና ያገኘውን ገቢ ነው። የሰዓት ክፍያውን ተመራማሪው ራሱ ገቢውን ለሰዓቱ አካፍሎ ያወጣዋል። ችግሩ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው።

በወረቀት ይሞክሩት። ሁለት ሠራተኞች በሳምንት 40 ሰዓት ሠርተው እኩል 800 ዶላር ያገኛሉ እንበል፤ የሰዓት ክፍያቸው 20 ዶላር ነው። አንዱ 50 ሰዓት ሠርቻለሁ ቢል ክፍያው 16 ዶላር ተብሎ ይመዘገባል፤ ሌላው 32 ቢል 25 ዶላር ይሆናል። ምንም ልዩነት የሌላቸው ሰዎች በመዝገቡ ላይ ብዙ የሚከፈለው ጥቂት፣ ጥቂት የሚከፈለው ብዙ የሚሠራ ሆነው ይታያሉ። ለዚህ መዋሸት አያስፈልግም፤ ያለፈውን ሳምንት ሰዓት በልኩ የሚያስታውስ ብዙ አይደለም። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ ቦርሃስ ይህን የማካፈል መዛባት እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት መርምሮታል።

ቀጥሎ የጉዳቱን መጠን ያስሉ። ሰዓትና ክፍያ በሎጋሪዝም ይለኩ፤ እውነተኛው ምላሽ 0.2 ይሁን፤ ማለትም ክፍያ 10 በመቶ ሲጨምር ሰዓት 2 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የሰዓት ስሕተቱ ቫሪያንስ (ቁጥሮች ምን ያህል እንደተበታተኑ የሚያሳይ ልኬት) የእውነተኛውን ክፍያ ቫሪያንስ ሩብ ካከለ፣ ከ0.2 ላይ ሩቡን ማለትም 0.25 ቀንሰው ለ1.25 (1 ሲደመር 0.25) ያካፍሉ። ውጤቱ -0.04 ነው፤ ምልክቱ ሳይቀር ተገለበጠ! ተራ የልኬት ስሕተት ግምትን ወደ ዜሮ ቢስብ ነው፤ ይህኛው ዜሮን አልፎ ወደ -1 ይገፋል። በዚህ ቁጥር ሰዎች ለክፍያ ጭማሪ ደንታ የላቸውም ብሎ መደምደም ትልቅ በደል ነው።

መፍትሔው ከሰዓቱ ያልተወለደ የክፍያ ልኬት መፈለግ ነው። የአሜሪካ ወርሃዊ የሕዝብ ጥናት በሰዓት የሚከፈላቸውን ሠራተኞች የሰዓት ክፍያቸውን በቀጥታ ይጠይቃል። ይህ ጥሩ አማራጭ ነው፤ ነገር ግን በወር ደመወዝ የሚተዳደሩትን አይሸፍንም። ያለፈው ዓመት ክፍያም ሊያገለግል ይችላል፤ ሆኖም ሰዓቱን ሁልጊዜ አጋንኖ የሚናገር ሰው ስሕተቱ ከዓመት ዓመት ስለሚከተለው ሙሉ እምነት አይጣልበትም።

ደመወዝ በወር በሚነገርባት ኢትዮጵያ መጠይቅ የሚያዘጋጁ ከሆነ ሰዓትን በሁለት መንገድ ይጠይቁ፤ አንዴ የሳምንቱን ድምር፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በየቀኑ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት። ክፍያውን በአንደኛው ያካፍሉ፤ የሥራውን መጠን በሌላው ይለኩ።