ከአኑዩቲ ውል የጡረታ ገቢ ስለማውጣት

አሜሪካ ውስጥ ከኢንሹራንስ ኩባንያ ጋር የአኑዩቲ ውል (ለኩባንያው ገንዘብ ከፍለው በኋላ ገቢ የሚያገኙበት ውል) የገቡ ወገኖቻችን ጡረታ ሲቃረብ አስቀድመው የሚጠይቁት በወር ስንት እንደሚደርሳቸው ነው። ከዚያ መቅደም ያለበት ግን ገንዘቡ በየትኛው መንገድ ይውጣ የሚለው ነው፤ የሚከፈለው ግብርም ሆነ ለቤተሰብ የሚተርፈው በዚህ ምርጫ ይለያያልና።

ቅጽ ከመፈረምዎ በፊት ውሉን አውጥተው፣ ገንዘብ ያለጊዜው ሲወጣ የሚቆረጠውን ክፍያ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ይፈልጉ። ተቀናሹ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ከፍ ብሎ ይጀምርና በየዓመቱ እየቀነሰ ሄዶ ያበቃል፤ ብዙ ውሎችም በዓመት እስከ 10 በመቶ ያለ ተቀናሽ ማውጣት ይፈቅዳሉ። ማብቂያው ሦስት ወር ከቀረው መታገሥ ያዋጣል። ዕድሜያቸው 59 ዓመት ተኩል ሳይሞላ የሚያወጡ ደግሞ፣ በሕግ ከተዘረዘሩት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ከገቢ ግብሩ በተጨማሪ፣ ግብር በሚመለከተው ክፍል ላይ 10 በመቶ ለመንግሥት ይከፍላሉ።

ግብሩ በተከፈለበት ገንዘብ 120,000 ዶላር ከፍለው ውሉ 160,000 ደርሷል እንበል። በፈለጉ ጊዜ እየቀነሱ ካወጡ በሕጉ መሠረት መጀመሪያ እንደወጣ የሚቆጠረው ትርፉ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው 40,000 ዶላር ሙሉ በሙሉ ግብር ይከፈልበታል። በ65 ዓመትዎ ወደ ዕድሜ ልክ ክፍያ ለውጠው ኩባንያው በወር 1,000 ዶላር ቢከፍልዎ ግን፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ ሠንጠረዥ ለዚህ ዕድሜ 20 ዓመት ስለሚሰጥ የሚጠበቀው ድምር 240,000 ይሆናል፤ የከፈሉት የዚህ ግማሽ ነውና ከየወሩ ክፍያ 500 ዶላሩ ግብር አይነካውም። ከ20 ዓመት በኋላ፣ የከፈሉት ሁሉ ከተመለሰልዎ ወዲህ ማለት ነው፣ ክፍያው በሙሉ ግብር ይመለከተዋል። ውሉ በአይአርኤ (የግል የጡረታ ቁጠባ ሂሳብ) ውስጥ ግብር ባልተከፈለበት ገንዘብ የተገዛ ከሆነ ይህ ስሌት አይሠራም፤ የሚወጣው ሁሉ እንደ ገቢ ይቆጠራል።

የዕድሜ ልክ ክፍያ ግብሩን ቢያቀልም አንዴ ከተጀመረ በአብዛኛው አይሻርም። ለአንድ ሰው ዕድሜ ብቻ የሚከፈለው አማራጭ ወርሃዊ መጠኑ ትልቅ ስለሆነ ያጓጓል፤ ነገር ግን የውሉ ባለቤት በሁለተኛው ወር ቢያርፍ ለቤተሰቡ የሚቀር ነገር የለም። ስለዚህ በዚህ ገቢ ለሚተዳደሩ ባልና ሚስት አልመክረውም። ወርሃዊው ጥቂት ቢቀንስም፣ አንዱ ሲሞት ለሌላው ሙሉውን ወይም ግማሹን መክፈል የሚቀጥለው ይሻላል፤ ላላገባ ሰው ደግሞ ቢሞትም ክፍያው ቢያንስ 10 ዓመት እስኪሞላ ለወራሹ እንዲቀጥል ዋስትና ያለው አለ። ክፍያው ከኑሮ ውድነት ጋር የማያድግ ከሆነ ግን ያለዎትን ጥሪት ሁሉ እዚህ ውስጥ አያስገቡ።

የወራሽ ስም ሲያስመዘግቡ በቤት የሚጠሩበትን ሳይሆን በፓስፖርታቸው ላይ ያለውን በየፊደሉ ይጻፉ። የእኛ ሰው የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያስመዘግብ እናትና ልጅ የተለያየ የቤተሰብ ስም ይኖራቸዋል፤ «ጸሐይ»ም በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ተጽፋ ትገኛለች። ኩባንያው ዝምድናውን በሰነድ እንዲረጋገጥ ሲጠይቅ ደግሞ ማስረዳት የሚችለው የውሉ ባለቤት በሕይወት የለም።