እንግሊዝ ያለውን ቤታችሁን ከአዲስ አበባ ሆናችሁ ስታከራዩ፦ የኢፒሲ ጉዳይ

ዓመታት እንግሊዝ ኖረው ጠቅልለው አገር ቤት የገቡ፣ ወይም ለሥራ ዱባይና ዶሃ የተሻገሩ ወገኖች አሉን። ቤታቸውን ሳይሸጡ አከራይተው ነው የሄዱት። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ የሚሸፈነው፣ ጡረታ የሚደጎመው ከዚያ ኪራይ ነው። ቤቱ ሩቅ ሲሆን ግን ወረቀቱ ይረሳል። ከወረቀቶቹ ሁሉ ደግሞ ኢፒሲ የሚባለው ይበልጥ ይረሳል፤ በ10 ዓመት አንዴ ብቻ ስለሚታደስ ትዝ የሚለው ሰው የለም።

ኢፒሲ ቤቱ ምን ያህል ኃይል እንደሚፈጅ የሚያሳይ ሰርተፍኬት ነው። ለቤቱ ነጥብ ይሰጠዋል፣ በነጥቡም ከኤ እስከ ጂ ደረጃ ያገኛል። 92 እና ከዚያ በላይ ኤ ነው። ሲ ከ69፣ ዲ ከ55፣ ኢ ደግሞ ከ39 ይጀምራል። ከዚያ በታች ያሉት ኤፍና ጂ ናቸው፤ ለአከራይ ጣጣ የሚያመጡትም እነሱ ናቸው። በእንግሊዝና በዌልስ ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ ለአዲስ ኪራይ፣ ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ደግሞ ለቆየውም ኪራይ ዝቅተኛው ደረጃ ኢ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ከኢ በታች የሆነን ቤት ከሕጉ ነፃ መሆኑን ሳያስመዘግብ ያከራየ ሰው በአንድ ቤት እስከ 5,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። ውጭ አገር ነው የምኖረው ማለት ከቅጣት አያድንም።

መጀመሪያ ያለውን እዩ

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ስልካችሁን አውጡ። የእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ የቤታችሁን ፖስት ኮድ ብታስገቡ ሰርተፍኬቱ በነፃ ይታያችኋል። ቦሌ ካፌ ቁጭ ብላችሁ የምትጨርሱት ሥራ ነው። ሰርተፍኬቱ የቤቱ እንጂ የባለቤቱ አይደለም። ቤቱን የሸጠላችሁ ሰው ያወጣው ከሆነና ጊዜው ካላለፈ ዛሬም ይሠራል። ለምሳሌ በ2016 ከገዛችሁ፣ ሻጩ ለሽያጩ ብሎ ያወጣው ወረቀት በ2026 ገደማ ያበቃል ማለት ነው።

ደረጃውን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት። ወረድ ስትሉ ቤቱን ለማሻሻል ምን ቢደረግ እንደሚሻል፣ በግምት ስንት እንደሚፈጅና ነጥቡን ወደ ስንት እንደሚያደርሰው ተዘርዝሮ ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ገጽ ሳያነብ ያልፈዋል። እኔ ግን ከደረጃው ይልቅ የምፈልገው እሱን ነው።

ተከራዩ እየኖረ ወረቀቱ ቢያበቃ ወዲያው አዲስ አውጡ የሚል ግዴታ የለም። አዲስ ተከራይ ልታስገቡ ስትሉ ግን የግድ ነው፤ በማስታወቂያው ላይም ደረጃው መጻፍ አለበት። ምክሬ ግን እስከዚያ አትጠብቁ ነው። ተከራይ ወጥቶ ቤቱ ባዶ ሲሆን በጥድፊያ የምታስመረምሩት ቤት ኤፍ ቢወጣ፣ እስኪጠገን ማከራየት አትችሉም። ኪራዩ ይቆማል፣ ሞርጌጁና ለአካባቢው አስተዳደር (ለካውንስሉ) የሚከፈለው ካውንስል ታክስ ግን አይቆምም። ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃችሁ ሠራተኛ መፈለግ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ተከራዩ ሳይወጣ፣ ረጋ ብላችሁ ካስመረመራችሁ ግን ለማስተካከል ጊዜ ይኖራችኋል።

ማን ያዛል፣ ማን በር ይከፍታል

ለብዙ ጉዳይ ውክልና የለመድን ሕዝብ ስለሆንን መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ እሱ ነው። ለኢፒሲ ውክልና አያስፈልግም። በስልክ ወይም በኢሜይል ራሳችሁ ታዛላችሁ፣ በካርድ ትከፍላላችሁ። ስለዚህ የእንግሊዝ ባንክ አካውንታችሁን አትዝጉ፤ ከኪራዩም ለእንዲህ ዓይነቱ ወጪ ትንሽ እዚያው ይቀመጥ። ከአገር ቤት ፓውንድ መላክ ቀላል አይደለም። ባንኩ የማረጋገጫ ኮድ የሚልክበትን የእንግሊዝ ሲም ካርድም አልፎ አልፎ ተጠቀሙበት። ረጅም ጊዜ ዝም ካለ ሊዘጋ ይችላል።

ቤቱን የሚመረምረው አሴሰር የሚባለው ባለሙያ ነው። ፈቃድ ያላቸውን ባለሙያዎች ዝርዝር እዚያው የመንግሥት ገጽ ላይ በፖስት ኮድ ታገኛላችሁ። ዋጋውን መንግሥት አይተምነውም። ለአንድ ተራ ቤት ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 120 ፓውንድ ይጠየቃል። ሌቲንግ ኤጀንት፣ ማለትም ቤቱን የሚያከራይላችሁ ወኪል፣ ካላችሁ እሱም ሊያዝላችሁ ይችላል፣ ግን የራሱን ይጨምርበታል። ምን ያህል እንደጨመረ ጠይቁት፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ቤቱን ሳላይ በርካሽ ላውጣላችሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ግን ስልኩን ዝጉት። ገብቶ ያልለካው ቤት ላይ የሚወጣ ወረቀት ሐሰት ነው፣ ሲደረስበትም ይሰረዛል።

በር የሚከፍተው ተከራዩ፣ ኤጀንቱ ወይም ዘመድ ሊሆን ይችላል። ተከራዩን ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁት። ዋትስአፕ ላይ የተጻፈ መልእክት ማስረጃ ሆኖ ይቀመጥላችኋል። አክስታችሁ ወይም የአጎት ልጅ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉላት። አሴሰሩ ‘በ10 ሰዓት እመጣለሁ’ ሲል በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። እናንተ አዲስ አበባ ሆናችሁ ስልክ ለመጠበቅ ደግሞ በበጋቸው ሁለት፣ በክረምታቸው ሦስት ሰዓት ጨምሩ። በሰዓት መሳሳት ብቻ በሩ ተዘግቶ የተመለሰ ባለሙያ የቀጠሮውን ዋጋ ያስከፍላችኋል።

ያልታየ አይቆጠርም

ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱ ሰዎች ዝቅ ያለ ደረጃ ሲያገኙ የሚናደዱት እዚህ ላይ ነው። አሴሰሩ ግድግዳ አይሰብርም፣ ወለል አይቆፍርም። በዓይኑ ያየውንና በሰነድ የተረጋገጠውን ብቻ ይመዘግባል። የቀረውን ኮምፒውተሩ በቤቱ ዕድሜ ይገምተዋል። ቤቱ የቪክቶሪያ ዘመን ከሆነና ማስረጃ ካልቀረበ፣ ግምቱ ምንም ያልተሠራበት አሮጌ ቤት ነው የሚል ይሆናል። ወለሉ ሥር ያስነጠፋችሁት ኢንሱሌሽን፣ ማለትም ሙቀት እንዳይወጣ የሚይዘው ንጣፍ፣ ለነጥቡ እንደሌለ ይቆጠራል።

ስለዚህ አሴሰሩ ከመምጣቱ በፊት ወረቀቶቹን በኢሜይል ላኩለት። መስኮቱ ከ2002 ወዲህ ተቀይሮ ከሆነ ብዙ ጊዜ የፌንሳ ሰርተፍኬት፣ ማለትም በደንቡ መሠረት መገጠሙን የሚያረጋግጥ ወረቀት፣ ይኖረዋል። የግድግዳው ክፍተት ውስጥ ንጣፍ ከተሞላ ብዙ ጊዜ የ25 ዓመት ዋስትና ወረቀት አለው። ቤቱ ላይ ክፍል ከጨመራችሁ ወይም ወለል ካስከፈታችሁ የካውንስሉ የግንባታ ቁጥጥር ክፍል፣ ቢልዲንግ ኮንትሮል፣ የሰጠው የማጠናቀቂያ ወረቀት አለ። ደረሰኝ ከሆነ የቤቱ አድራሻ፣ ቀኑ፣ የተሠራው ሥራና የንጣፉ ውፍረት ቢጻፍበት ነው ጥሩ። ‘የግንባታ ሥራ 2,000 ፓውንድ’ ብቻ የሚል ደረሰኝ አይረዳችሁም። ራሳችሁ ያነሳችሁት ፎቶም ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ወረቀቱ የጠፋ እንደሆነ ሥራውን ለሠራው ኩባንያ ጻፉ፤ የፌንሳንም ሆነ የዋስትናውን ቅጂ ከሰጪው ድርጅት መልሶ ማውጣት ይቻላል።

በቤቱ ውስጥ ደግሞ ወደ ሎፍቱ፣ ማለትም ጣሪያው ሥር ወዳለው ባዶ ቦታ፣ የሚያስገባው መውጫ ይከፈት። ሎፍት ላይ ወደ 27 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ንጣፍ ካለ ትልቅ ነጥብ ነው፣ ግን ቀና ብሎ ካልለካው አይቆጥረውም። ተከራዩ መውጫው ሥር ቁምሳጥን አቁሞ ከሆነ አስቀድሞ ያንሳው። የቦይለሩ፣ ማለትም የቤት ማሞቂያው፣ ሞዴል የተጻፈበት ሰሌዳና የሙቅ ውሃ ታንከሩ ይታዩ። ከጁን 2025 ወዲህ አሠራሩ ስለተቀየረ አሴሰሩ እያንዳንዱን መስኮት ይለካል። ክፍል በክፍል ያከራያችሁ ከሆነ የተቆለፈ ክፍል እንዳይኖር ለሁሉም ተከራዮች ንገሩ።

ይህን ሁሉ የምለው ሳንቲም የሚቆጥር ሰው ስለሆንኩ አይደለም። ቤት የገዛነው የሌሊት ፈረቃ ሠርተን፣ ታክሲ ነድተን፣ አረጋውያን ተንከባክበን ነው። የተከፈለበት ሥራ በወረቀት እጥረት ሲቀር ያንገበግባል።

ደረጃው ዝቅ ካለ

ቀድሞ የካውንስል የነበሩ ፎቅ ላይ ያሉ ፍላቶች ብዙ ጊዜ ጋዝ የላቸውም። የሚሞቁት በኤሌክትሪክ ነው። ነጥቡ የሚሰላው በዋናነት በኃይል ወጪ ስለሆነና ኤሌክትሪክ ከጋዝ ስለሚወደድ፣ አሮጌ ማሞቂያ ያለው ፍላት ዝቅ ይላል። በርካሽ የሚጀመርበት ቦታ ግን አለ። አምፖሎቹን በሙሉ በኤልኢዲ ቀይሩ። የውሃ ታንከሩን 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጃኬት አልብሱት። ቴርሞስታት ከሌለ አስገቡ። ሎፍት ካለ አስነጥፉ። ኢ ለመግባት ጥቂት ነጥብ ለቀረው ቤት እነዚህ ብቻ ሊያሻግሩት ይችላሉ። ማሞቂያውን በዘመናዊ፣ ሙቀት በሚያቆር ስቶሬጅ ሂተር መቀየር ውድ ነው፣ ነጥቡም የዚያኑ ያህል ይጨምራል።

ሕጉ ኢ ለመድረስ ከ3,500 ፓውንድ በላይ እንድታወጡ አያስገድድም፤ ቫቱም በዚህ ውስጥ ነው። ያን ያህል አውጥታችሁም ካልደረሰ በመንግሥት መዝገብ ላይ ራሳችሁን አስመዝግባችሁ ለ5 ዓመት ነፃ ትሆናላችሁ። ፍላታችሁ ሊዝሆልድ ከሆነ፣ ማለትም ሕንፃው የሌላ ሰው ሆኖ እናንተ ፍላቱን ለረጅም ዓመታት የያዛችሁት ከሆነ፣ እና የሕንፃው ባለቤት ለሥራው ፈቃድ ከከለከለም እንዲሁ። በሁለቱም ሁኔታ ማስረጃውን ታያይዛላችሁ። ዝም ብሎ ማከራየት ግን አይቻልም፣ መመዝገብ የግድ ነው።

አንድ ነገር አስቡ። መንግሥት ለኪራይ ቤቶች ዝቅተኛውን ደረጃ እስከ 2030 ወደ ሲ ለማሳደግ ዕቅድ ይዟል። ስለዚህ ቦይለር ሲሞት ወይም መስኮት ሲቀየር፣ ኢን ማለፍ ላይ ብቻ ሳይሆን ሲ የሚያደርሳችሁን ምርጫ ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። ሁለት ጊዜ ከመክፈል ይሻላል።

ከጎኑ ያሉ ወረቀቶች

የጋዝ ምርመራ በየዓመቱ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ምርመራ ቢበዛ በየ5 ዓመቱ ነው። ለተከራዩ ማስታወቂያ የሚላክበት በእንግሊዝ ወይም በዌልስ ያለ አድራሻ መስጠትም ግዴታችሁ ነው። የአዲስ አበባ አድራሻ አይሆንም፤ የኤጀንቱን ወይም የምታምኑትን ዘመድ አድራሻ ስጡ። ከ6 ወር በላይ ውጭ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ የግብር መሥሪያ ቤቱ፣ ኤችኤምአርሲ፣ እንደ ውጭ ነዋሪ አከራይ ነው የሚያያችሁ። ኤንአርኤል1 የሚባለውን ቅጽ ሞልታችሁ ፈቃድ ካላገኛችሁ ኤጀንቱ ከኪራዩ ላይ 20 በመቶ ግብር ይቆርጣል። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ስኮትላንድ ውስጥ ለምሳሌ መዝገቡ የተለየ ነው፣ ኢፒሲውም ቤቱ ውስጥ መለጠፍ አለበት።

ቤቱን የያዘው ሐበሻ ቢሆንና በቃል ብቻ ብትስማሙም ሕጉ ያው ነው። ሰርተፍኬቱ እንደወጣ ፒዲኤፉን ለተከራዩ በኢሜይል ላኩ፣ ደርሶኛል የሚል መልስ ጠይቁ፣ መልሱን ከውሉ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ። የሚያበቃበትንም ቀን ስልካችሁ ካላንደር ላይ ከስድስት ወር በፊት እንዲያስታውሳችሁ አድርጋችሁ መዝግቡ።