«አበላሹት» ከማለታችሁ በፊት፦ የልጅነት ጀግኖቻችሁ ፊልም ሆነው ሲመጡ እንዴት ታዩዋቸዋላችሁ

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ስልክ እጠግናለሁ፣ የሞባይል ካርድ እሸጣለሁ፣ ፍላሽ ላይ ፊልም እጭናለሁ። ፊልም ፈላጊዎቼ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ገና ሳይገባ «አዲስ ምን አለ?» ይላል። ሁለተኛው ሰው እስኪወጣ ይጠብቅና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያ በልጅነታችን የነበረው... ባለ ቀለም ልብሶቹ...» ይለኛል። ፓወር ሬንጀርስን ማለቱ ነው፤ ታዳጊዎች ባለ ቀለም ልብስና ጭንብል ለብሰው ጭራቅ የሚዋጉበትን የአሜሪካ ተከታታይ። ያገባ የወለደ ሰውዬ ነው እኮ፤ ምን ያሳፍራል?

አዲሱን ፊልም እጭንለታለሁ። በማግስቱ ይመለሳል፤ ፊቱ ጠቁሯል። «አበላሹት!» ይላል። ምኑን? ስለው «ሁሉንም» ነው መልሱ። ይህን የምጽፈው ለእሱና ለመሰሎቹ ነው። አዲሱ እያልን የምንጠራው ፊልም የወጣው በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 2017። አዲስነቱ እንግዲህ ለእኛ ነው።

መጀመሪያ አሮጌውን እዩት

አዲሱን ከመክፈታችሁ በፊት ከአሮጌው ተከታታይ ሁለት ሦስት ክፍል ተመልከቱ። አንዱ ክፍል ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። «አስታውሰዋለሁ» አትበሉኝ። አታስታውሱትም። የምታስታውሱት ቪዲዮ ቤቱን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ከበስተኋላ የተቀመጠው እንግሊዝኛ ዐዋቂ ነኝ ባይ ልጅ የሚተረጉመውን ነው።

ስታዩት ዓይናችሁን ክፈቱ። ልጆቹ ጭንብል ካጠለቁ በኋላ የምስሉ ቀለም እንዴት እንደሚለወጥ ተመልከቱ። ያ የሆነበት ምክንያት አለው። ሃይም ሳባን የተባለው ሰው በ1992 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ይታይ ከነበረ ተከታታይ የውጊያውን ክፍል ወሰደ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ አምስት ታዳጊዎችን ቀረጸ፤ ሲማሩ፣ ሲጫወቱ፣ ሲያወሩ። ሁለቱን ሰፍቶ በነሐሴ 1985 ዓ.ም. አሜሪካኖቹ ቴሌቪዥን ላይ አወጣው። ክፉዋ ሪታ ስትናገር አፏና ድምጿ አልገጥም የሚላችሁም ለዚህ ነው። የምታዩዋት ማቺኮ ሶጋ የምትባል ጃፓናዊት ናት፤ ድምፁ በኋላ የተለጠፈ የሌላ ሴት ነው።

እኔ ሰፈር ውስጥ ሁልጊዜ ቢጫዋ ትሪኒ ነበርኩ። ሮዝዋን የምትወስደው ዲሽ ያለበት ቤት ልጅ ናት። ባለ ዲሽ ትመርጣለች፤ ሕግ ነው። እና ሁሌ የሚከነክነኝ ነገር ነበር። ሮዝዋ ኪምበርሊ ስትዋጋ አጭር ጉርድ ነገር ለብሳለች። ቢጫዋ ለምን የላትም? ጃፓን ውስጥ ቢጫውን የለበሰው ወንድ ስለነበረ ነው። አሜሪካኖቹ ከጭንብሉ ሥር ሴት ልጅ አስገቡና ምስሉን እንዳለ ተጠቀሙበት። ይህን ያወቅኩ ቀን ብቻዬን ሳቅኩ።

ይህን ሁሉ የማወራው «ዋናውን ነኩብን» ለሚሉት ነው። ዋናው ራሱ ከሌላ ሥራ ላይ የተሠራ ነው። ጎጃም ውስጥ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቅኔ ተማሪ ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ይዞ ቢቆም የኔታ ምን እንደሚሉት ሁላችንም እናውቃለን። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ እሱ አይነካም። ቃሉ ግን አዲስ መሆን አለበት። ከፊልሙም መጠየቅ ያለባችሁ ይህንኑ ነው፤ ቤቱ ሞልቷል ወይ? አምስት ልጆች፣ አምስት ቀለም፣ መካሪው ዞርደን፣ ክፉዋ ሪታ፣ መጨረሻ ላይ ተገጣጥመው አንድ ግዙፍ ሮቦት የሚሆኑ ማሽኖች። እነዚህ ካሉ የቀረው የባለቅኔው ፈንታ ነው።

ከማን ጋር፣ መቼ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኩዮቻችሁ ጋር እዩት። ልጆቹን በሁለተኛው ዙር ጥሯቸው። አሮጌው የልጆች ነበር፤ ይኼኛው ግን ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ ይጠንቀቅ ተብሎ የወጣ ነው። ኪምበርሊ ያጠፋችው ጥፋት የጓደኛዋን የግል ፎቶ ለሰው መላኳ ነው። ስልክ ለያዘች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቁም ነገር ነው፤ አብሯችሁ ብታየው ጥሩ ነው። ለስድስት ዓመቱ ግን ምንም አይገባውም።

አዛውንት ቤት ካሉማ መጀመሪያዋን አሳልፏት። ገና ሲከፈት በሬ አለ፤ ስለ በሬውና ስለ ማለብ የተነገረ ቀልድም አለ። አሜሪካ ከተማ ውስጥ ያደገ ልጅ ቀልዱ እስኪገባው ትንሽ ያስብ ይሆናል። እኛ አገር ማን ያስባል? ጋሼ ወዲያው ነው የሚገባቸው፤ ከዚያ በኋላ እናንተ የምትገቡበት ይጠፋችኋል።

ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ነው። ላፕቶፑን ሙሉ ቻርጅ አድርጉት፣ መብራት ላይ አትተማመኑ። ስፒከር ካለ ስፒከር አምጡ፤ የላፕቶፕ ድምፅ ሮቦት አይችልም። ቡና ከተፈላ ደግሞ ቀስ ብላችሁ አፍሉት። አቦሉን ስትጠጡ ልጆቹ ገና ትምህርት ቤት ተቀጥተው ነው። በቶናው ዋሻ ውስጥ ይለማመዳሉ። ልብሱን የሚለብሱት በረካው ተጠጥቶ፣ ሲኒው ታጥቦ፣ እጣኑ ጠፍቶ ነው። ይህን አስቀድማችሁ ለሁሉም ተናገሩ። ከማየው ጠብ ግማሹ «መቼ ነው የሚለብሱት?» በሚል ጥያቄ የሚነሳ ነው።

ሌላ ማስታወቂያ አትናገሩ። በተለይ ትሬይለሩን ሦስት ጊዜ ያየው ጓደኛችሁ አጠገባችሁ እንዳይቀመጥ።

ወቀሳውን እንዴት ታነጥራላችሁ

እኔ ሱቅ ውስጥ ያስቀመጥኩት ደንብ አለ። «አበላሹት» ያለ ሰው የትኛውን ትዕይንት እንደሆነ ይናገር። አሮጌው እዚያ ቦታ ላይ ምን ያደርግ እንደነበር ይናገር። እሱ ምን እንዲሆን እንደፈለገ ይናገር። ሦስቱን የመለሰ ሰው ወቀሳው ልክ ነው፤ ሻይ እጋብዘዋለሁ። ያልመለሰ ሰው የናፈቀው ቪዲዮ ቤቱን ነው፤ እሱን ደግሞ ፍላሽ ላይ መጫን አልችልም።

ደንቡን አልፈው የሚመጡ ወቀሳዎች አሉ። የልብሱ መዘግየት አንዱ ነው። ግን ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት ዳይሬክተሩ ዲን ኢዝራላይት ያደረገውን ልብ በሉ። ልጆቹ እርስ በርስ ካልተዋወቁና ካልተማመኑ ልብሱ አይመጣላቸውም። እሳት ዙሪያ ተቀምጠው ምስጢራቸውን የሚያወጡበት ትዕይንት ለእኔ የፊልሙ ምርጡ ነው። በአሮጌው እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ጨዋ፣ ሁሉም ደስተኛ ነበሩ። ዋጋው ግን ተከፍሏል። ውጊያው መጨረሻ ላይ ተጨናንቆ አለቀ። ይህን የሚል ሰው ልክ ነው።

ጎልዳር ሌላው ነው። በአሮጌው ጎልዳር ክንፍ ያለው፣ የወርቅ ጥሩር የለበሰ፣ የሚፎክር ጭራቅ ነበር። ሲሸነፍ እንኳ አፉ አይዘጋም። በአዲሱ የቀለጠ ወርቅ ክምር ሆኗል፤ አንዲት ቃል አይተነፍስም። የማይፎክር ጠላት ምን ያደርጋል? እዚህ ላይ ከወቃሾቹ ጋር ነኝ።

ከዚያ ዶናቱ አለ። ሪታ የምትፈልገው የዓለም ሁሉ ሕይወት የተንጠለጠለበት ክሪስታል የተቀበረው ክሪስፒ ክሪም ከሚባል ዶናት ቤት ሥር ነው። እውነተኛ ድርጅት ነው፣ ስሙ ደጋግሞ ይነሳል። ጭራሽ ሪታ ቁጭ ብላ ዶናት ትበላለች። አንዱ ደንበኛዬ «ዓለም የምትጠፋው በቦምቦሊኖ ምክንያት ነው?» ብሎኛል። የሚመልስለት አላገኘሁም። ኤልዛቤት ባንክስ ግን ሪታን ስትጫወት ተደስታበታለች፤ ያስታውቃል። ዶናቱን ስትገምጥ እንኳ ታስፈራለች።

አሁን ደግሞ ቸኩላችሁ እንዳትወቅሱ የምፈልገው ነገር። «ሰዎቹን ቀያየሯቸው» የሚል አለ። በአሮጌው ጥቁሩን ልብስ የለበሰው ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ ቢጫውን የለበሰችው ደግሞ የእስያ ዘር ያላት ልጅ። ይህ ለዓመታት ሰው ሲጠቋቆምበት የኖረ ነገር ነው። አዲሱ ፊልም በታተነው። ሰማያዊው ቢሊ አሁን ጥቁር ልጅ ነው፤ ኦቲዝም እንዳለበትም በግልጽ ይናገራል። ከአምስቱ መጀመሪያ የሚለወጠውም እሱ ነው፤ ሁለት ጓደኞቹ ሲጣሉ ሊገላግል መሃል ገብቶ። ልጁ ኦቲዝም ያለበት አንድ አባት ያችን ቦታ ደጋግሞ እንዳያት ነግሮኛል። ፊልሙን ያልወደዱ ሰዎች እንኳ ቢሊን ወደውታል። እኔም ብጠየቅ ከአሮጌው ቢሊ ይኼኛው ይበልጥብኛል።

ዞርደንንም አትናቁት። ግድግዳ ላይ ፊቱ ብቻ የሚታየው ሰው ብራያን ክራንስተን ነው። ያኔ ስሙ ሳይታወቅ በአሮጌው ተከታታይ ለጭራቆች ድምፅ ይሰጥ ነበር። ጭራቅ ሆኖ ጀምሮ ዞርደን ሆኖ ተመለሰ።

ዘፈኑ? «ጎ ጎ ፓወር ሬንጀርስ» አለ፤ ማሽኖቹ ሲሮጡ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ያኔ ማንም ሰው እንዳያወራ። ሲኒም አይነሳ።

ልጆቹ ሲያዩት

ልጆቹን ስትጠሩ ሁለት ነገር አዘጋጁ። አንደኛው፣ ከበሩ ጀርባ ያለውን ዱላ አንሱት። የጎጃም ቤት ዱላ አያጣም፤ ፓወር ሬንጀርስን ያየ ልጅ ደግሞ እጁ አያርፍም። አያቴ «ይኼ ነገር ልጆቹን ጥጋበኛ አደረጋቸው» ብላ ዲሹን ልታስነቅል ደርሳ ነበር። ብቻዋን አልነበረችም። በ1994 እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ ውስጥ ጠብ ያስተምራል የሚል አቤቱታ በዝቶ ተከታታዩ ከቴሌቪዥን ወርዷል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ቀረጻው ራሱ እዚያው ኒውዚላንድ ገባ። አያቴ ይህን ብትሰማ ምን ትል ነበር?

ሁለተኛው ይከብዳል፤ አፋችሁን ዝጉ። «በእኛ ጊዜ እኮ...» አትበሉ። የእህቴ ልጅ አብሮኝ ሲያይ መጨረሻ አካባቢ ሕዝቡ መሃል ሁለት ሰዎች ብቅ አሉና ጮኽኩ። «እታለም፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ። ኤሚ ጆ ጆንሰንና ጄሰን ዴቪድ ፍራንክ ናቸው፤ የድሮዋ ሮዝና የድሮው አረንጓዴ። ልነግረው ጀመርኩ። እሱ ግን ሮቦቱን እያየ ነበር፤ ተውኩት። ሁለቱን የከተቷቸው ለእኔና ለእናንተ ነው፤ ሮቦቱን ለእሱ።

ከዚያ እሱ ምን እንደወደደ ጠይቁት። የእኛ ልጅ የወደደው ልጆቹ ገደል ዘለው ውሃ ውስጥ የሚገቡበትን ነው። እኔ ልብሱን ስጠብቅ አላስተዋልኩትም ነበር።

ሲያልቅ ቶሎ አትነሱ

ስሞቹ መውረድ ሲጀምሩ ላፕቶፑን አትዝጉ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ትዕይንት አለ። መምህሩ ቅጣት ክፍል ውስጥ ቶሚ ኦሊቨር ብሎ የአረንጓዴውን ሬንጀር ስም ይጠራል፤ ወንበሩ ባዶ ነው፤ አረንጓዴ ጃኬት ብቻ አለ። ይህንን ያየ ሰው በማግስቱ እኔ ዘንድ መጥቶ «ክፍል ሁለትን ጫኚልኝ» ይላል።

የለም። ለመሥራት ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ዓለም ላይ 142 ሚሊዮን ገደማ አስገባ። ሲኒማ ቤቶቹ ድርሻቸውን ሲያነሱ ይህ ብዙ አይደለም። ተከታታይ ፊልሞች ታስበው ነበር፤ ቀሩ። በ2018 እ.ኤ.አ. ስሙንና መብቱን የአሻንጉሊት ኩባንያው ሃዝብሮ ገዛው።

ስለዚህ ክፍል ሁለት ለሚለኝ ሰው ሌላ ነገር እጭንለታለሁ። «ዋንስ ኤንድ ኦልዌይስ» ይባላል፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ኔትፍሊክስ ላይ የወጣ ነው። የአሮጌው ተከታታይ ቢሊና ዛክ፣ ዴቪድ ዮስትና ዋልተር ጆንስ፣ ሸብተው ተመልሰዋል። ታሪኩ የሚያጠነጥነው በትሪኒ ሞት ላይ ነው፤ ቢጫዋን የተጫወተችው ቱይ ትራንግ በ2001 እ.ኤ.አ. በመኪና አደጋ ሕይወቷ አልፏል። ሰፈር ውስጥ ቢጫዋ የነበራችሁ ካላችሁ መሃረብ ያዙ። ልብሱን ለማየት መጠበቅ የለም፣ ገና ሲጀምር ነው የሚለብሱት። ርዝመቱም አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ቻርጅ ያለቀበት ስልክ ካልሆነ በቀር ሁሉም ይጨርሰዋል።